ለቤት ኸርሚት ክራብ ሁለት ገንዳ፦ መግቢያው ቀላል፣ መውጫው የግድ

ሰመር ላይ ሜሪላንድ ኦሽን ሲቲ ደርሶ የተመለሰ ቤተሰብ ወይ ጫማ ሙሉ አሸዋ ይዞ ይገባል፣ ወይ በሽቦ ቤት የታጨቁ ሁለት ሦስት ኸርሚት ክራቦች፣ ማለትም ባዶ ዛጎል ተሸክመው የሚኖሩ ትናንሽ ሸርጣኖች። ሻጮቹ «ምንም አያስቸግሩም፣ ውሃና ምግብ ጣል ካደረጋችሁላቸው በቃ» ብለው ነው የሚሸኟችሁ። ብዙ ጊዜ ሸርጣኑ በነፃ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለቤቱ ነው። ከቤቱ ጋር ጣት እንኳ የማትሸፍን ጠፍጣፋ ሳህንና አንዲት ቁራጭ ስፖንጅ ትሰጣለች። ልጆቹ ስፖንጇን አርጥበው ያስቀምጣሉ። ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ያችን ሳህን ስለመጣል ነው። በምትኩ ሁለት ገንዳ እንሠራለን። አንዱ ጨው የሌለው፣ ሌላው የባሕር ጨው ያለበት። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ግማሹ ዕቃ ኩሽናችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከባዱ ነገር ውሃ ማስቀመጡ ሳይሆን ሦስት ነገር መጠበቁ ነው፦ ውሃው ክሎሪን እንዳይኖረው፣ የገባው ሸርጣን ሁሉ መውጣት እንዲችል፣ ውሃውም ከገንዳው ወጥቶ አሸዋውን እንዳያጥለቀልቅ።

ውሃው ለመጠጥ ብቻ አይደለም

ኸርሚት ክራብ የብስ ላይ ቢኖርም የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው። ስንጥቡ ለአየር እንዲመች ሆኖ ተለውጧል። ግን እርጥብ ካልሆነ አይሠራም። ለዚህ ነው ደረቅ የሽቦ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሸርጣን ቀስ በቀስ ታፍኖ የሚሞተው። ባለቤቱ «ምግብ እምቢ አለ» ይላል እንጂ መታፈኑን አያውቅም።

ሁለተኛ ነገር አለ። ዛጎሉ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይዞ ነው የሚዞረው። ያ ውሃ ስንጥቡንም፣ ለስላሳውንና ቅርፊት የሌለውን የኋላ አካሉንም ያረጥባል። ሸርጣኑ ከጨዋማውና ጨው ከሌለው ውሃ እየቀዳ የጨዉን መጠን ራሱ ያስተካክላል። መቼ የትኛውን እንደሚፈልግ እኛ አናውቅለትም። እሱ ያውቃል። የእኛ ድርሻ ሁለቱንም አጠገቡ ማድረግ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ሱቆች በብዛት የሚሸጠው ዝርያ ኮኤኖቢታ ክሊፔያተስ ይባላል፤ አገሩ የካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ነው። የኛን አካባቢ ባሕር ለሚያውቅ ሰው፣ ኮኤኖቢታ ስካይቮላ የሚባል የቅርብ ዘመዱ በቀይ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ማታ ማታ ሲርመሰመስ ይታያል። ሁለቱም ሕይወትን የሚጀምሩት ባሕር ውስጥ ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በባሕር ውሃ ስለሆነ ቤት ውስጥ ማራባት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያያችሁት ሸርጣን ከዱር የተያዘ ነው ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። ጥሩ ከተያዘ ደግሞ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል እንስሳ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁለት የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሁለት ባዶ የጋሎን ጠርሙስ፣ ለአኳሪየም የሚሸጥ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ፣ ለባሕር አኳሪየም የተሠራ ጨው፣ ሃይድሮሜትር (የውሃውን ጨዋማነት መለኪያ)፣ ለመወጣጫ የሚሆን የፕላስቲክ መረብና ጠጠር። ቤቱ ራሱ የመስታወት አኳሪየም ይሁን፤ የሽቦ ቤት እርጥበት አይዝም። ሁለት ገንዳ ቦታ ስለሚይዝ 20 ጋሎን የሚይዘውን ብታገኙ ይሻላል። የአኳሪየሙ ውስጥ አየር እርጥበት ከ75 እስከ 85 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (በፋራናይት ከ75 እስከ 85 ገደማ) መሆን አለበት። ይህ ካልተስተካከለ ገንዳው ብቻውን አያድናቸውም።

1. ዕቃውን ምረጡ

ምግብ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢሆንም ችግር የለም፤ መወጣጫ እንሠራለታለን። ብረት ግን በፍጹም አይሁን። በተለይ መዳብ ለሸርጣን ዘር ሁሉ መርዝ ነው፤ የጨው ውሃ ደግሞ ብረት ይበላል። ቀለም የተቀባ የሸክላ ሳህንም ተዉት። ቀለሙ ሲላቀቅ ይበሉታል።

ጥልቀቱን ለመወሰን ሴንቲሜትር መቁጠር አያስፈልግም። ትልቁን ሸርጣን እዩ። ገንዳው መሐል ሲቀመጥ ዛጎሉ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈንበት ውሃ ይፈልጋል። እንዲያ ከሆነ ዛጎሉን ዘንበል አድርጎ የቆየውን ውሃ ያፈስና አዲስ ይሞላል። እግር ብቻ የሚያረጥብ ውሃ ለዚህ አይረዳውም። ስፋቱም ቢያንስ ሁለት ሸርጣን ሳይጋፉ የሚዞሩበት ይሁን፤ ማታ ላይ ገንዳ ዳር ወረፋ ይኖራል፣ አንዱም ሌላውን ረግጦ ያልፋል።

«ትናንሾቹስ አይሰምጡም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሸርጣኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጥቂት መቆየት ይችላል፤ መውጣት ካቃተው ግን ይሰምጣል። መልሱ ገንዳውን ማሳነስ አይደለም። መልሱ ቀጣዩ ደረጃ ነው።

2. መውጫ ሥሩ

እኔ ብጠየቅ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ ጊዜ እዚህ ላይ ይጥፋ እላለሁ።

ሸርጣን የሚወጣው እየቧጠጠ ነው። እግሩ ሹል ነው፤ የሚይዘው ሸካራ ነገር ይፈልጋል። ልሙጥ ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለጥልፍ የሚያገለግለውን ቀዳዳ ቀዳዳ የፕላስቲክ መረብ ከዕደ ጥበብ ሱቅ ግዙ። በመቀስ ይቆረጣል። ከገንዳው ወለል ተነሥቶ አፉን አልፎ ውጭ ድረስ የሚዘልቅ ቁራጭ አድርጉ። በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቁት። የማሰሪያውን ጫፍ አሳጥራችሁ ቁረጡ፤ ሹሉ ወደ ውጭ ይሁን። መረቡ ከግማሽ ሴንቲሜትር የሰፋ ቀዳዳ ካለው ትንሽ ሸርጣን እግሩን ሊያስገባና ሊጣበቅ ይችላል፤ ጠበብ ያለውን ምረጡ።

አንድ መውጫ አይበቃም። ሁለት ይሁን፤ በተቃራኒ ጎን። ትልቁ አንዱ መውጫ ላይ ተዘርፍጦ ሊያድር ይችላል፤ ያን ጊዜ ትንሹ በሌላው በኩል ይውጣ።

ወለሉ ላይ ጠጠር አንጥፉ። ከአንድ ጎን ከፍ፣ ከሌላው ዝቅ አድርጉት። በዚያ በኩል ትናንሾቹ ጥልቅ ሳይገቡ ይረጥባሉ። ጠጠሩ ሳይቀባ የተፈጥሮው ይሁን፤ ታጥቦ ይግባ። ብይ አታድርጉ። ብይ ይንከባለላል፣ እግር መሐሉ ይሰካል። ትልልቅ ድንጋይ ካስገባችሁም በድንጋዩና በገንዳው ግድግዳ መካከል ሸርጣን ተቀርቅሮ የሚቀርበት ክፍተት እንዳይኖር በጣታችሁ ዳስሱ።

ከዚያ ፈትኑት። ባዶ ዛጎል ወስዳችሁ ከወለሉ ጀምሮ እስከ አፉ በእጃችሁ እየገፋችሁ አውጡት። የት ይያዛል? የት ይገለበጣል? መረቡ ሲጫን ይረግባል? ሸርጣን ጀርባው ላይ የተሸከመው ዛጎል ውሃ ሲሞላ ይከብዳል። ወደ ውስጥ የገባበት መረብ ሲወጣ ሊወርድ ይችላል።

ስለ ስፖንጇም እዚሁ ልጨርስ። ሱቆቹ «ለመጠጥ ነው» ይላሉ። በሞቀና በረጠበ ቤት ውስጥ ስፖንጅ የባክቴሪያ መራቢያ ነው፤ ሁለት ቀን ሳይቆይ ይሸታል። ገንዳችሁ መውጫ ካለው ምንም አትሠራላችሁም።

3. ገንዳው የት ይቀመጥ?

ሸርጣኖች ይቆፍራሉ። ቅርፊታቸውን የሚቀይሩትም አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ነው፤ ትልልቆቹ አንዳንዴ ወራት ይቆያሉ። የሚወዱት ቦታ ደግሞ የሆነ ከባድ ነገር ሥር ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ውሃ የሞላ ገንዳ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። ሥሩ ዋሻ ተቆፍሮበታል። አንድ ሌሊት ገንዳው ይሰምጥና ታች የተኛውን፣ ገና ቅርፊቱ ያልጠነከረውን ሸርጣን ይጫነዋል። ውሃውም ይደፋበታል።

ስለዚህ ገንዳውን አሸዋ አይሸከመው። ከፒቪሲ ቧንቧ አራት ቁራጭ ቁረጡ፤ ርዝመታቸው ከአሸዋው ጥልቀት ጋር እኩል ይሁን። መስታወቱ ወለል ላይ አቁሟቸው። አሸዋውን ዙሪያቸው ሙሉ። ገንዳው በቧንቧዎቹ ላይ ይቀመጣል። ሥሩ ቢቆፈርም አይወርድም። አሸዋው ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር፣ ወይም ከትልቁ ሸርጣን ቁመት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ከሁለቱ የሚበልጠውን ውሰዱ። አምስት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ የኮኮናት ቃጫ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሲጨበጥ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ የረጠበ መሆን አለበት።

ቤቱን የምታሞቁበት ንጣፍ የኋላ መስታወት ላይ ይለጠፍ እንጂ ከገንዳው ሥር አይሁን። መብራት በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታም ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል።

ሌላ ነገር፦ ቤቱን ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። ክዳኑ ቢዘጋም ጭስ ይገባል። በዚህ ነገር ከእናቶች ጋር መከራከር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ጀበናው አይንቀሳቀስም፤ ሸርጣኖቹ ወደ ልጆቹ ክፍል ይሂዱ።

4. ክሎሪኑን አጥፉ

የቧንቧ ውሃ ለእኛ ንጹሕ የሆነው ጀርም የሚገድል ነገር ስላለበት ነው። ያው ነገር ስንጥብ ያቃጥላል።

ውሃ በጀሪካን ማሳደር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ክሎሪን ብቻ ላለበት ውሃ ዘዴው ይሠራል፤ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ቀን ካደረ አብዛኛው ይተናል። ችግሩ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደ ክሎሪን መሆኑ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በክሎራሚን ነው የሚያክመው፤ በየዓመቱ ስፕሪንግ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀይራል። ክሎራሚን ቢያድርም አይተንም። ጥቂት ደቂቃ ማፍላትም አያጠፋውም። ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠው የማጣሪያ ጆግ የክሎሪን ጣዕም ይቀንሳል እንጂ ለክሎራሚን አይታመንም።

እንግዲህ ጠብታ ግዙ። የአኳሪየም ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ውስጥ አለ። ጠርሙሱ ላይ ክሎሪንም ክሎራሚንም እንደሚያጠፋ መጻፉን አንብቡ። አንዳንዱ «የዓሣ ቆዳ ይጠብቃል» የሚል ቅባት ነገር ወይም እሬት ይጨመርበታል። ያ ለዓሣ የታሰበ ነው፤ ያለ ተጨማሪ የሆነውን ምረጡ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሲኬም ፕራይም የሚባለውን ሲሆን መጠኑ ለአንድ ጋሎን 2 ጠብታ ነው። ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አትደንግጡ፤ ጠባዩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍታችሁ ትንሽ አፍስሱ፤ ቤታችሁ የቆየ ከሆነ ይህን አትዝለሉ። የሞቀው ውሃ ከማሞቂያው ታንክና ከቧንቧው መዳብ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አትጠቀሙበት። የጋሎኑን ጠርሙስ ሙሉ። ጠብታውን ጨምሩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ነቅንቁ። ጠብታው ወዲያው ነው የሚሠራው፤ ውሃው ግን የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይቀመጥ። ሲቀዳ የነበረውን ቀዝቃዛ ውሃ ሞቃት ቦታ ለለመደ እንስሳ አታቅርቡ።

የሃይላንድ ውሃ ማለትም ታሽጎ የሚሸጠው የምንጭ ውሃ ይሆናል። ግን ለሁለት ገንዳ ስትገዙ መኖር ወጪው ይከማቻል፤ ጠብታው ይረክሳል።

5. የባሕሩን ውሃ በጥብጡ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። «ጨው ጨው ነው» ይላል።

የባሕር ውሃ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ አይደለም። ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም አለበት። ለሸርጣን ቅርፊት እነዚህ ያስፈልጋሉ። የገበታ ጨው እነዚህ የሉትም፤ አዮዲንና እንዳይጋገር የሚጨመር ነገር ግን አለበት። አሞሌም፣ የአፍዴራ ጨውም፣ ከአገር በሻንጣ የመጣው ሁሉ ለወጥ ይሁን። ጨው በሌለው ውሃ ለሚኖር ዓሣ ሕክምና የሚሸጠው «የአኳሪየም ጨው»ም ስሙ ያሳስታል እንጂ የባሕር ጨው አይደለም። «የኸርሚት ክራብ ጨው» ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውም ቢሆን ለባሕር ዓሣና ለኮራል የሚሆን ካልሆነ አይጠቅምም። የምትፈልጉት ለባሕር አኳሪየም የተሠራውን ነው፤ ኢንስታንት ኦሽን ከእነሱ አንዱ ነው። አንድ ከረጢት ለሁለት ትናንሽ ገንዳ በጣም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከእርጥበት ብቻ ጠብቁት፤ አየር ካገኘ እርጥበት ስቦ ይጋገራል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል።

መጠኑ ለአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም፣ ለአንድ ጋሎን ግማሽ የአሜሪካ ኩባያ ገደማ ነው። መጀመሪያ ክሎሪኑ የጠፋ ውሃ፣ ከዚያ ጨው፤ ተራው እንዲህ ነው። ክፍል ሙቀት በያዘ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁ። መጀመሪያ ይደፈርሳል። አሳድሩት። ጠዋት ጥርት ብሎ ካገኛችሁት ሃይድሮሜትር ንከሩበት። ንባቡ ከ1.021 እስከ 1.025 ከሆነ ጨርሳችኋል። ከዚያ ከወረደ ትንሽ ጨው፣ ከወጣ ትንሽ ውሃ። ሃይድሮሜትሩ ላይ የተጣበቀ የአየር ፊኛ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ በጣታችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አራግፉት።

ገንዳው ውስጥ ሸርጣን እያለ ጨው በቀጥታ አትጨምሩ። ያልሟሟ ጨው ላይ ይቆማል።

ሁለቱን ጠርሙስ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉባቸው። «ጨው አለው»፣ «ጨው የለውም»። ውሃ ሲታይ አንድ ነው፤ ቀምሶ መለየት ደግሞ ለማንም አይመከርም።

6. ሙሉና ጠብቁ

ገንዳውን እስከ አፉ አትሙሉ። ትልቁ ሸርጣን ሲገባ ውሃው ከፍ ይላል። ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል።

ሸርጣኑን አንስታችሁ አትንከሩት። ድሮ «በሳምንት አንዴ እጠቡት» የሚል ምክር ነበር፤ አሁንም በአንዳንድ የሱቅ ወረቀት ላይ አለ። ገንዳ ካለው መታጠብን እሱ ያውቅበታል። በግድ ሲነከር ይደነግጣል፣ ለራሱ አመጣጥኖ የያዘውንም ውሃ ያፈስበታል።

ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ ቀይ ደብዘዝ ያለ ነገር ብቻ አብርታችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንቴናውን ነው የሚልከው። ውሃውን ይነካል፣ ይመልሳል። ከዚያ ትንሹን መቆንጠጫ ይነክርና ጠብታ ወደ አፉ ያመጣል፤ ደጋግሞ፣ ሳይቸኩል። ከፈለገ ይገባል። ዛጎሉ ሲሰምጥ ከውስጡ አየር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሲወጣ ውሃው ከዛጎሉ አፍ እየተንጠባጠበ መረቡን ይቧጥጣል።

ማምሸት ለማይችል ሰው ሌላ መላ አለ። ገንዳዎቹ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ማታ በእጃችሁ ደልድሉ። ጠዋት የእግር ዱካ ታያላችሁ። ከየትኛው ገንዳ ወደ የት እንደሄዱ፣ የትኛው ላይ እንደተገፋፉ ሁሉ ይነበባል። አንዱን ገንዳ ለቀናት ማንም ካልረገጠው መወጣጫውን ፈትሹ።

7. መቀየርና ማጠብ

ማጣሪያ የሌለው ገንዳ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። ምግብ ይዘው ይገባሉ፣ አሸዋ ይደፋሉ፣ ይጸዳዱበታል። ከዚያ አሞኒያ ነው የሚወጣው፤ እሱም ስንጥብ ይጎዳል። ውሃው ሽታ ካመጣ ወይም ግድግዳው በጣት ሲነካ ካሟለጨ ቀኑን አትጠብቁ።

ስታጥቡ በረኪና፣ ላርጎ፣ ሳሙና የሚባል ነገር አይድረስበት። ሙቅ ውሃና ብሩሽ ይበቃል። ጨው የጋገረውን ነጭ ነገር አቼቶ ያስለቅቀዋል፤ ከዚያ በደንብ አለቅልቁ፣ በመጨረሻ ክሎሪን በሌለው ውሃ። ብሩሹ ለዚህ ብቻ ይሁን። ሳህን የሚታጠብበት ቦታም ላይ አታጥቡት፤ ከነካችሁ በኋላ ልጆቹም እናንተም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የጨው ገንዳ ውሃው ሲጎድል የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። ስለዚህ በቀኖቹ መካከል ስትሞሉ ጨው ከሌለው ጠርሙስ ነው የምትጨምሩት። ከጨው ጠርሙስ እየሞላችሁ ከሄዳችሁ ሳታውቁት ጨዋማነቱ እየከረረ ይሄዳል።

8. ፓምፕ ከፈለጋችሁ

የግድ አይደለም። ግን ገንዳው ትልቅ ከሆነ ሥራ ይቀንሳል። ትንሽ የአየር ፓምፕ በጎማ ቱቦ ከስፖንጅ ማጣሪያ ጋር ይያያዛል። ፊኛው ውሃውን ያናፍሳል፣ የቤቱን እርጥበትም ይጨምራል። ስፖንጁ ላይ አሞኒያን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ይህ የሳምንታት ሥራ ነው፤ ማጣሪያ ስለገባ ብቻ ውሃ መቀየር አይቆምም። የአሞኒያና የናይትራይት (ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ሲበሉ የሚወጣው ነገር) መለኪያ ጠብታ ገዝታችሁ ሁለቱም ዜሮ ላይ ሲረጉ ብቻ ቀኑን አራዝሙ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ባክቴሪያውን ትገድላላችሁ፤ ከገንዳው በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት።

ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ይቀመጥ፤ ካልሆነ መመለስ የሚከለክል ቫልቭ ይግባበት። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑ ላይ ሊፈስ ይችላል። ፓምፑ የሚስበው የክፍሉን አየር መሆኑንም አስታውሱ። ዕጣን ከተጨሰ፣ የአየር ሽቶ ከተረጨ፣ ያን ሁሉ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው የሚነፋው።

የውሃ ማሞቂያ ዘንግ ጥልቀት በሌለው ገንዳ ውስጥ አታስገቡ። ከውሃ ውጭ ከሆነ ሊፈነዳ ይችላል። ለዓሣ በሽታ የሚሸጡ መድኃኒቶችንም ገንዳው ውስጥ አትጨምሩ፤ በርካቶቹ መዳብ አለባቸው።

9. አሸዋው ሲጥለቀለቅ

እያንዳንዱ ሸርጣን ከገንዳ ሲወጣ ዛጎሉ ውስጥ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። በየሌሊቱ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ሳምንታት ሲቆጠሩ ግን ታች ይጠራቀማል። ከላይ አሸዋው ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ከላይ ሳይሆን ከጎን እዩ። በሳምንት አንዴ በእጅ ባትሪ የመስታወቱን የታችኛውን ጥግ አብሩበት። አሸዋው ከሌላው ጠቆር ካለና ቤቱ ትንሽ ሲነካ ውሃው መስመር ሠርቶ ከተንቀሳቀሰ ተጥለቅልቋል። ገና ሽታ ከሌለው ቀላል ነው። አንዱ ጥግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ወለሉ አውርዱ፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውሃውን ምጠጡ። ቱቦው እዚያው ይቅር፤ ሌላ ጊዜ መቆፈር አያስፈልጋችሁም። ለሚቀጥለው ደግሞ የገንዳውን ውሃ ዝቅ አድርጉ፣ የመወጣጫውም ውጫዊ ጫፍ ጠርዝ ባላት ትንሽ የፕላስቲክ ትሪ ላይ ይረፍ። የሚንጠባጠበው እዚያ ይቀራል።

የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሸዋው ውስጥ አየር አልቋል ማለት ነው፤ ታች ቅርፊት የሚቀይር ካለ ይሞታል። ቅርፊት የሚቀይር ሸርጣን አይነካም የሚለው ሕግ የሚጣሰው በዚህ ጊዜ ነው። ማንኪያም አካፋም ሳትይዙ፣ በጣታችሁ ብቻ፣ ከአንድ ጎን ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አንሡ። ያገኛችሁትን ሸርጣን ደህና እርጥብ አሸዋ ባለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ጨለማና ሞቃት ቦታ አስቀምጡ። የጣለው አሮጌ ቅርፊት አጠገቡ ካለ አብራችሁ ውሰዱለት፤ ይበላዋል፣ ያስፈልገዋልም። የሸተተው አሸዋ በሙሉ ይጣላል።

10. አገር ቤት ስትሄዱ

አንድ ወር ለሚሄድ ሰው አደራ ተቀባይ ያስፈልጋል። ጎረቤትም ይሁን ዘመድ፣ ሥራውን አቅልሉለት። ሁለቱንም ውሃ በጋሎን በጋሎን አዘጋጅታችሁ ደርድሩ። ጨዉን እሱ እንዲበጠብጥ አትተዉ። የጨዉን ጠርሙስ ክዳን በቀይ፣ ጨው የሌለውን በሰማያዊ ፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ገንዳዎቹም ጠርዝ ላይ ያው ቀለም ይኑር። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ እያያችሁት ይቀይር።

ወረቀት ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉለት፦ ውሃ በየሁለት ቀኑ፤ ቀይ ለቀይ፣ ሰማያዊ ለሰማያዊ፤ የጎደለው የጨው ገንዳ በቀናቱ መካከል ከሰማያዊው ይሞላ፤ ሳሙና የለም፤ ክዳኑ ይዘጋ። መጨረሻ ላይ በትልቁ፦ «አንዱ ቢጠፋብህ ቆፍረህ አትፈልገው። ታች ተኝቶ ነው።»